ጋዜጣ በኪራይ

አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ እንደነበር ለዛሬ ተመራቂ ስነግረው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ "ገዝታችሁ አታነቡም ነበር?" ብሎ ነው። መግዛትማ እንችል ነበር። ግን ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ሊፈልግበት ብሎ የወጣውን ጋዜጣ ሁሉ ከገዛ፣ ለፈተና የተጠራ ዕለት የሚሄድበት የታክሲ ሒሳብ አይተርፈውም። ስለዚህ አከራዮቹ ነበሩልን። የእግረኛ መንገዱን ዳር ይዘው፣ ጋዜጦቻቸውን ዘርግተው፣ ነፋስ እንዳይወስድባቸው ጠጠር ጭነውባቸው፣ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው በሳንቲም ያከራያሉ። ይዞ መሄድ የለም። አንባቢው እዚያው ድንጋይ ላይ ወይም አጥር ተደግፎ አንብቦ፣ እንደነበረ አጣጥፎ ይመልሳል። ከቆየ ደግሞ አከራዩ ከወዲያ ሆኖ፣ "ወንድሜ፣ ሸመደድካት እኮ!" ይለዋል።

ቦታው ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያው ነው፤ ጋዜጣው ቀለሙ ጣት እየነካ አከራዮቹ ዘንድ ይደርሳል። ትምህርት ሚኒስቴር እዚያው፣ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ፋኩልቲ እዚያው፣ ትንሽ ከፍ ሲሉ ስድስት ኪሎ። ተመርቆ የወጣ ልጅ ደግሞ እግሩ ከለመደው ሰፈር ቶሎ አይርቅም። ካፌ ገብቶ ማኪያቶ የሚያዝበት ባይኖረው፣ አራት ኪሎ የሚቀመጥበት ድንጋይና የሚያነበው ነገር አለው።

ጋዜጣውን የምናነበው ከኋላ ነበር። የፊት ገጹ የሚኒስትሮች ነው፤ የእኛ ገጽ "ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ" ከሚለው ይጀምራል። አዲስ ዘመን በየቀኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ቅጥር ያወጣል። ሪፖርተር ደግሞ ረቡዕና እሑድ ሲወጣ ባንኩንም፣ ኢንሹራንሱንም፣ መንግሥታዊ ያልሆነውን ድርጅትም ሰብስቦ ይመጣል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንጋይ አይገኝም። ከጎናችን ጨረታ የሚያነቡ ኮንትራክተሮች ይቀመጡ ነበር። የጨረታ አንባቢና የቫካንሲ አንባቢ በጫማ ይለያሉ።

የማስታወቂያዎቹ አጻጻፍ እስካሁን በቃሌ አለ። የትምህርት ደረጃ፣ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስምምነት፣ አመልካቾች ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዘው በአካል ይቅረቡ፣ ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ። የገንዘብ ያዥነት ሥራ ከሆነ "ተያዥ ማቅረብ የሚችል" ይጨመርበታል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን የምናያት ግን "የሥራ ልምድ" የምትለዋን መሥመር ናት። "2 ዓመት" ካለች ገጹ ይገለበጣል። "0 ዓመት" ካለች ድንጋዩ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ ያገኘው ሰው ጮኾ ነው የሚያነበው።

አሁን ሳስበው የሚደንቀኝ ይኸው ጮኾ ማንበቡ ነው። ለራሱ ሥራ የሌለው ልጅ፣ "ኬሚስትሪ! ኬሚስትሪ ማን ነው? እዚህ አንድ አለ!" ብሎ ይጣራል። ስሙን የማያውቀው ልጅ ከማዶ ተነሥቶ ይመጣል። እስክሪብቶ ከአንዱ፣ ወረቀት ከሌላው ተበድሮ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ይገለብጣል። እርግጥ ሁለቱም አካውንቲንግ ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ አንዱ ክንዱን ማስታወቂያው ላይ ጣል አድርጎ ስለ እግር ኳስ ማውራት ይጀምራል። አካውንታንት ደግሞ ብዙ ነበር። ሆኖም ከዚያ ሁሉ ሽሽግ በኋላ በነጋታው ማመልከቻ ማስገቢያው በር ላይ ተገናኝተው ይሣሣቃሉ፤ ፈተናውንም አብረው ይቀመጣሉ፤ ከፈተናው ወጥተው ደግሞ "ሦስተኛዋን ጥያቄ ምን አልካት?" እየተባባሉ በእግራቸው ወደ ፒያሳ ያዘግማሉ።

1997 ላይ፣ ምርጫው ሰሞን፣ ሥርዓታችን ተበላሸ። ከተማው በሙሉ ጋዜጣ አንባቢ ሆነና፣ ፊት ገጹን የሚያነበው ሰው የእኛን ድንጋይ ወረሰ። ኋለኛውን ገጽ ለማየት ወረፋ ያዝን። ቀጥሎ ብዙዎቹ የግል ጋዜጦች ሲዘጉ አከራዮቹም ሳሱ። ድንጋዩ በአንድ ጊዜ አልተለቀቀም፤ ቀስ በቀስ ነው የተመናመነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ሲያልፍ እግረኛ መንገዱ ሰፍቶና ተውቦ ነበር፤ የሚከራይ ጋዜጣ ግን ቀድሞም አልቆ ነበር።

ከጋዜጣው ቀጥሎ የነበረው ሰሌዳ ነው። ሁሉም መሥሪያ ቤት በር ላይ መስታወት ያለው ወይም የሌለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበረው፤ ገንዘብ ያነሰው መሥሪያ ቤት ጋዜጣ ላይ ሳያወጣ እዚያ ብቻ ይለጥፋል። ስለዚህ በየሰሌዳው መዞር ያስፈልጋል። ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ካዛንቺስ፣ እያልን በእግር። መስታወት በሌለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቫካንሲ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቀድሞ ያየው ሰው ሌላ እንዳያየው ገንጥሎ በኪሱ ይዞ ይሄዳል። "ማስታወቂያ መቅደድ በሕግ ያስቀጣል" የሚለው ጽሑፍ ራሱ ግማሹ ተቀድዶ ያየሁበት ጊዜ አለ።

እነዚያን በሮች የምናውቃቸው በጥበቃዎቹ ነበር። ከሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው ይልቅ የቅጥሩን ነገር የሚያውቁት በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። "አባባ፣ እንደምን አደሩ፣ የወጣ ነገር አለ?" ስንላቸው፣ ሰው ወደው ከሆነ፣ "ዛሬ እንኳ የለም፤ ግን ሐሙስ ቃለ ጉባኤ ተፈራርመዋል፣ ሰኞ ብቅ በል" ይላሉ። ደግሞም ሳይደብቁ፣ "ይቺን ተዋት፣ ለሰው የተያዘች ናት" የሚሉበት ጊዜ ነበር። ዘመድ የሌለው ሰው በዚያ ዘመንም ዘመድ አልነበረውም፤ ይህን ረስቼ ያለፈውን ላሞግስ አልፈልግም። ቢያንስ ግን ለሰው የተያዘችውን ቦታ ለይቶ የሚነግረን ሰው በር ላይ ነበረ። ለከንቱ ፎቶ ኮፒ ከማውጣት አድኖናል።

ፎቶ ኮፒ ካልኩ አይቀር፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹን ማንሣት አለብኝ። በየፍርድ ቤቱና በየክፍለ ከተማው አጥር ሥር ጃንጥላ ተክለው፣ ጠረጴዛ ላይ ታይፕ አስቀምጠው የሚጽፉ። የእኔን የመጀመሪያ ማመልከቻ የጻፈልኝ ሰውዬ ምን እንደተማርኩ ጠየቀኝ እንጂ ምን መጻፍ እንደምፈልግ አልጠየቀኝም። "ጉዳዩ፦ የሥራ ቅጥር ጥያቄን ይመለከታል" ብሎ ጀምሮ፣ "ከታላቅ አክብሮት ጋር" ብሎ ጨረሰው። መካከል ያለውን ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ እንደሚጽፈው ያወቅሁት፣ ድንጋይ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠ ልጅ የራሱን ሲያሳየኝ ነው። ዛሬ ልጆቹ ማመልከቻቸውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፍላቸዋል ብለው የሚቆጡ ሰዎች ስሰማ ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል።

ታይፕ ራሱ የአንድ ትውልድ እንጀራ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ለመኪና ካበጁለት ወዲህ፣ በተለይ ኦሊቬቲ ዲያስፕሮን በየቢሮው ከገባ በኋላ፣ "ታይፕ ትችላለች" የሚለው ምስክርነት ብቻውን ደመወዝ ያስገኝ ነበር። ፊደሉ በአንድ ምት አይወጣም፤ ግንዱን ትመታና ቅጥያውን ትመታበታለህ። ይህን በፍጥነት ማድረግ ሙያ ነው። ከኮሜርስ በጸሐፊነት የተመረቁት ሴቶች ረጃጅም ጣታቸው፣ የተተኮሰ ጉርድ ቀሚሳቸውና የኃላፊውን ስህተት ዝም ብለው የሚያርሙበት ችሎታቸው በየመሥሪያ ቤቱ ይከበር ነበር። እኔ ሥራ ፍለጋ ስወጣ ማስታወቂያዎቹ "የታይፕ" የሚለውን ሰርዘው "የኮምፒውተር ችሎታ ያላት" ማለት ጀምረው ነበር። ሰፈራችን ያሉ አንዲት ጎረቤት፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ ሃያ ዓመት የመቱትን መኪና ትተው ከልጆች ጋር የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገቡ። "ጣቴ ያው ነው፤ ስሳሳት ወረቀት አለመቀየሬ ብቻ ነው አዲሱ" ይሉ ነበር። ሙያቸው ጠፋ ብለው አላለቀሱም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ኃላፊዎቹ ደብዳቤያቸውን ራሳቸው መጻፍ ሲጀምሩ፣ ጸሐፊ የሚለው የቅጥር መደብ ራሱ ከማስታወቂያው እየቀነሰ ሄደ።

ከእኛ በፊት የነበሩት ግን የእኛን ድንጋይ ሲሰሙ ይስቁብናል። በእነሱ ጊዜ ሥራ አይፈለግም፤ ሥራው ነው ተመራቂውን የሚፈልገው። በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው መንግሥት መድቦ ይልከዋል። ችግሩ የት ነው የሚለው ብቻ ነበር፦ ጋምቤላ ነው ወይስ አሥመራ? ከዚያም በፊት፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ተማሪው ገና ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ የሚያገለግልበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነበረ። አንድ የአባቴ ጓደኛ ከምደባው ለማምለጥ ያላደረጉት ነገር እንዳልነበረ እየሳቁ ይነግሩናል። እኛ ቢመድበን ብለን ስለት የምንሳልበትን እሳቸው ሸሹት። የእኔ ትዝታም ለወጣቶቹ እንደዚሁ የሚያስቅ ሳይሆን አይቀርም።

ምደባው የቀረው ከ1983 በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከጥቂቶች ተነሥቶ ከ40 በላይ ደረሰ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተማሪው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። ድንጋዩ ላይ ኬሚስትሪ ብሎ መጣራት ቀርቶ፣ ሲቪል ኢንጂነር ብሎ ቢጣሩ ግማሹ የሚነሣበት ጊዜ መጣ።

ከዚያ ኮብልስቶን መጣ። ድሬዳዋ ላይ በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ ተሞክሮ ወደ አዲስ አበባና ወደየክልሉ የተዛመተው ድንጋይ ጠረባና ንጣፍ። በ2002፣ 2003 አካባቢ ዲግሪ ያለው ልጅ መዶሻ ይዞ ጥቁር ድንጋይ ሲጠርብ ከተማው ሁሉ ወሬው ይኸው ሆነ። ቤተሰብ አፈረ። "ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?" ያላለ አባት ጥቂት ነው። ቀልዱም ብዙ ነበር፤ መንግሥትም ነገሩን እንደ ድል አድርጎ ማውራት ሲያበዛ ቀልዱ ጨመረ።

የእኔ አስተያየት ሁለት ልብ ነው። ለዲግሪ የሚመጥን ሥራ ሳይፈጥሩ ዲግሪውን ማብዛት የማንም ጥበብ አልነበረም፤ ያንን ጉድለት በመዶሻ መሸፈን ደግሞ አይቻልም። ግን እነዚያን ልጆች ሰፈራችን መንገድ ሲያነጥፉ በየቀኑ አይቻቸዋለሁ። አሸዋ ላይ ተንበርክከው፣ ክር ዘርግተው፣ ድንጋዩን እያገላበጡ ፊቱን ይመርጣሉ። ተደራጅተው ነው የሚሠሩት፤ ሒሳብ የሚይዝ፣ የሚለካ፣ ከወረዳው ጋር የሚከራከር አላቸው። ምሳቸውን ከሰፈሩ እናቶች በዱቤ ይበላሉ። ክረምት ሲመጣ ጭቃ የምንረግጥበት የነበረው መንገድ ደርቆ ቀረ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በጂኦግራፊ የተመረቀ፣ የእናቴን ደጃፍ ውኃ የሚያቁርበትን ቦታ አይቶ ሳይከፈለው አስተካክሎ ሄደ። አስፋልት እስኪተካው ድረስ ውኃ አላቆረም። እነዚያን ልጆች ሥራ አጥ ብሎ የሚጠራቸው አልነበረም፤ ሠራተኛ ብሎ የሚጠራቸውም አልነበረም። ይህ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ስማቸው ብዙ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ ተባለ፣ በ2009 10 ቢሊዮን ብር ተይዞለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተባለ፣ ልጆቹ ወደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሊሰፉ ሄዱ፣ የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሆነ። ስሙ በተቀየረ ቁጥር ወረዳው ላይ አዲስ ባነር ይሰቀላል። ከሥሩ ያለው ልማድ ግን ለረጅም ጊዜ አልተቀየረም፦ ተደራጁ፣ ቃለ ጉባኤ አምጡ፣ ቆጥቡ፣ ጠብቁ። መጠበቂያው ቦታም አግዳሚ ወንበር ነበረው፤ ብዙ ማኅበር እዚያ ወንበር ላይ ተጠንስሷል።

የእህቴ ልጅ አምና ተመርቃለች። ሥራ የምትፈልገው አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ነው። ስልኳ ውስጥ የቫካንሲ ቴሌግራም ቻናል ተደርድሯል፤ እኔ በሳምንት በእግሬ ዞሬ ከማየው የበለጠ እሷ ከቁርስ በፊት ታያለች። ይህን መናቅ አልችልም። በእኛ ጊዜ ጂንካ ወይም ደባርቅ ላለ ልጅ ጋዜጣው ቀናት አልፈውት ነው የሚደርሰው፤ ከአሥሩ የሥራ ቀን የተረፈውን ደግሞ መንገድ ይበላዋል። አሁን ማስታወቂያው ለሁሉም በአንድ ደቂቃ ይደርሳል። ሴት ልጅ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታነብ ስንት ዓይን እንደሚያርፍባትም አይቻለሁ። በ2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ቤቷ ሆና ጨርሳ የምስክር ወረቀቱን አሳይታኛለች። ውጭ አገር ላለ ድርጅት ቤቷ ሆና የምትሠራ ጓደኛም አላት፤ አለቃዋን በአካል አይታው አታውቅም።

ግን አንድ ቀን፣ "አብረውሽ የሚያመለክቱትን ታውቂያቸዋለሽ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ማንን?"

"ተወዳዳሪዎችሽን።"

"እንዴት አድርጌ አውቃቸዋለሁ ጋሼ? ቻናሉ ላይ 'ከመቶ ሺህ በላይ አባል' ይላል፤ እነሱ ናቸው።"

እኔ ተወዳዳሪዎቼን በመልክ አውቃቸው ነበር። ከእነሱም አንዱ ሚዜዬ ሆኗል። ያ ሲቀር የቀረ ሌላም ነገር አለ፦ ውጤት ይለጠፍ ነበር። ለጽሑፍ ፈተና የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስሙ ከነውጤቱ ተዘርዝሮ ሰሌዳው ላይ ይወጣል፤ ያለፈው፣ ተጠባባቂው፣ የወደቀው። ጣትህን ከላይ ወደ ታች እየሳብክ ራስህን ትፈልጋለህ። እኔ አንድ ጊዜ ሰባተኛ ወጣሁ፤ የሚፈለገው ግን ሁለት ሰው ነበር። ሰባተኛ መሆኔን ማወቄ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ከላይ ያሉት ስድስቱ እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ በስንት እንደበለጡኝም አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ ያላየሁት ሰው ስም መካከል ላይ ቢገባ ደግሞ እንጮሃለን። ጮኸንም የተሰረዘ ቅጥር አይቻለሁ።

ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ቻናል ላይ ቫካንሲ መለጠፍ ከተቻለ ውጤት መለጠፍ ምን ይከብዳል አልኳት። ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ ተፈተነ፣ ማን አለፈ፤ ወረቀትና ሙጫ እንኳ አይጠይቅም።

"የግል መረጃ ነው ይሉሃል" አለች።

"ስሙን ይተዉት፤ በቁጥር ያድርጉት።"

ትንሽ አሰበችና፣ "እሱስ እውነትህን ነው። እኔ እኮ ስንተኛ እንደወጣሁ አንድም ቀን አውቄ አላውቅም። ለምን አትጽፍላቸውም?" አለችኝ።

አድራሻቸውን አምጪ አልኳት። ባለፈው ወር ካመለከተችበት ድርጅት የመጣላትን ኢሜል ከፈተች። ማመልከቻዋ እንደደረሳቸው፣ ለአመልካችነቷ እንደሚያመሰግኑ ይገልጻል፤ ከታች በትንንሽ ፊደል ደግሞ፣ ይህ መልእክት በራሱ የሚላክ ስለሆነ በዚህ አድራሻ መልስ አይላክ ይላል።